ዘር እንዳይዝ የተቆረጠ

አበባ ቆርጬ ጠርሙስ ውስጥ ማስቀመጥ የጀመርኩ ሰሞን፣ ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆም ይልና «ዛሬ ምን አለ?» ይለኝ ነበር። ሰርግ የለ፣ ክርስትና የለ፣ ምርቃት የለ። «ምንም የለም፤ አበባ ነው» እላለሁ። አንዴ አበባውን አንዴ እኔን ያያሉ። ብቻዋን ኖራ ኖራ ምን ነካት ማለታቸው እንደሆነ አይጠፋኝም። ከነዚህ ይልቅ የሚያናድዱኝ ግን «የላስቲኩ አይሻልሽም? እሱ እኮ ታጥቦ ይቀመጣል» የሚሉኝ ነበሩ። ታጥቦ የሚቀመጥማ ሳህንም አለኝ!

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በረንዳዬ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቼ የሴት ልብስ እሰፋለሁ። ከቤቴ ጀርባ ለጎመን የማትበቃ፣ ለመተው የምታሳዝን ቁራጭ መሬት አለች። አንድ ቀን ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች ደንበኛዬ በወረቀት የተጠቀለለ ዘር ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ።

«የምን ዘር ነው?» አልኳት።

«የአበባ ነዋ!»

«የምን አበባ?»

«እሱን እንጃ። ሲወጣ ታይዋለሽ።»

እኔ ደግሞ «ሲወጣ ታይዋለሽ» ከተባልኩ ዕረፍት የለኝም። ልጅ ሆኜ እንኳ ዶሮ የታቀፈችውን እንቁላል እያነሳሁ ጆሮዬ ላይ ስለጥፍ እናቴ ስንት ጊዜ ገርፋኛለች። ሰኔ ሲገባ መሬቷን ቆፈርኩና ዘሩን በተንኩባት።

አባቴ የመጡትም በዚያው ሰሞን ነው። አገራችን ከሮብ ገበያ ከተማ በላይ፣ ወደ ጮቄ ተራራ ወጣ ብሎ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ብቻቸውን ነበሩ፤ መሬቱን ለወንድማቸው ልጅ በእኩል እንዲያርሰው ሰጥተው ቤቱን ይጠብቃሉ። እግራቸው አብጦ፣ ሁለት ቃል ተናግረው ሦስተኛውን ለመድገም ትንፋሽ እያጠራቸው ስለመጡ በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ልባቸው እንደደከመ፣ መድኃኒቱ በየወሩ ክትትል እንደሚፈልግ፣ ዳገት ግን ጨርሶ እንደማይሆንላቸው ነገረን። እኛ አገር ደግሞ ዳገት የሌለበት መንገድ ከወዴት ይመጣል? ውሃው ዳገት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት፣ የጎረቤት ቤት እንኳ ዳገት ነው።

ከሐኪም ቤት ስንመለስ አባቴ ገና ወንበር ሳይዙ «መስከረም ሲጠባ እሄዳለሁ» አሉ።

«ይሂዱ! ማን ያዘዎት!» አልኩ።

አይ አፌ! ለቁጣ ሲሆን የሚቀድመኝ የለም። ለልመና ሲሆን ግን አንዲት ቃል አትወጣኝም። ቢሄዱ ብቻቸውን አንድ ቀን ማለዳ ደክሟቸው እንደሚቀሩ፣ የሚያገኛቸውም ሰው ረፋድ ላይ እንደሚመጣ እያወቅሁ ነው እንዲህ ያልኳቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የኔ ጭንቀት አንድ ብቻ ሆነ፤ እንዴት ብዬ ላስቀራቸው?

ክር ልገዛ ወጥቼ ስመለስ አባቴ ጓሮ ቁጢጥ ብለው አገኘኋቸው። አጠገባቸው የተነቀለ ለምለም ተከምሯል።

«ጓሮሽን አረም በልቶት ነበር፤ ይኸው ነጻ አወጣሁልሽ» አሉኝ፣ ፊታቸው ፈክቶ።

የተከመረው አበባዬ ነው። ቅጠሉ እንደ እንስላል የሳሳ፣ ገና ክንድ ያልሞላ። ከመካከሉ በጥንቃቄ ተኮትኩቶ የተተወ አንድ ነገር አለ፤ ወፍ የዘራው ጎመን!

«አባዬ ምን አደረጉኝ! አበባዬን!»

«ኧረግ! ይሄ የአደይ ዘመድ አይደል እንዴ? ገብስ ውስጥ ስንነቅለው ነው የኖርነው።»

ጮህኩ። እግሬን እንደ ሕፃን ልጅ መሬት ላይ መታሁ፤ ያን የሚያህል ሰው ፊት ማፈር እንኳ ጠፋኝ። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ አባቴ የነቀሉትን አንድ በአንድ እየመለሱ ሲተክሉ ደረስኩ። «አረም መልሶ የሚተክል ገበሬ አይተሽ ታውቂያለሽ? ደግነቱ እዚህ የሚያውቀኝ የለም» አሉ። አብዛኛው ጠወለገና ሞተ። ከአጥሩ ሥር እጃቸው ሳይደርስበት የቀረውና ከተመለሰው ጥቂቱ ተረፈ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አበበ። ሮዝ፣ ነጭ፣ አልፎ አልፎም የወይን ጠጅ የመሰለ። መሃሉ ቢጫ፣ አንገቱ ቀጭን፣ ነፋስ ትንሽ ሲነካው ሁሉም አንድ ላይ እሺ የሚል ይመስላል። አባቴ ዱላቸውን ተደግፈው ብዙ ጊዜ አዩት።

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«ለከብት?»

«ለከብትም አይሆንም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

መቀሴን አውጥቼ ሦስት አራቱን ቆረጥኩ። አባቴ እጄን ሊይዙኝ ምንም አልቀራቸው። «ዘር ሳይዝ? በአበባው?» አሉ። ለሳቸው አበባ ማለት መንገድ ላይ ያለ እህል ነው። ባቄላ ሲያብብ እርሻው መካከል ሰው እንዳይገባ የሚቆጡ ሰው ናቸው፤ ልጅ ሆነን ከተልባው ማሳ አንዲት ሰማያዊ አበባ ቀጥፈን ብንገኝ ጉዳችን ፈላ። አሁን ልጃቸው በገዛ እጇ አበባ ቆርጣ እንዲሞት ቤት ታስገባለች። አብደሻል እንዳይሉኝ እየፈራሁ ይዤው ገባሁና እሳቸው ከሚተኙበት አልጋ ትይዩ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት።

በሁለተኛው ቀን አንገቱን ደፋ። እዚህ ላይ እልህ ያዘኝ። አንዲት ደንበኛዬ የተቆረጠ አበባ እኔ ቤት እኮ ሳምንት ይቆያል ብላኛለች! ለምን የኔ ቶሎ ይሞታል? ስኳር ጨመርኩ፤ ውሃው ላይ ጉንዳን ተሰለፈ። አመድ ጨመርኩ፤ ውሃው ደፈረሰ እንጂ ለአበባው ምንም አልፈየደለት። የራስ ምታት ኪኒን ፈጭቼ ጨመርኩ፤ እሱ ትንሽ የረዳ መሰለኝ፣ ወይ ደግሞ ተመኝቼ ይሆናል። አንድ ቀን ከበዓል ከተረፈው አረቄ ጠብ ሳደርግ አባቴ አዩኝ።

«አረቄ ለአበባ? ሰው ጠፍቶ?»

«እርስዎ ተከልክለዋል።»

«እሱስ ሐኪሙ ፈቅዶለታል?»

በመጨረሻ የገባኝ ነገር ቀላል ነበር። በቀትር መቁረጤ ነው ጥፋቱ። ጤዛው ሳይረግፍ በማለዳ ቆርጬ፣ ታችኛውን ቅጠል መልምዬ፣ በየቀኑ ውሃውን ስቀይር ቆየልኝ። ደግሞ ጉድ አየሁ። ብናኙ ቢጫ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል፤ ለጥልፍ ያጠፍኩት የሰው ነጭ ቀሚስ ላይ ረግፎ አጥቤ እስክጨርስ ድረስ አበባውንም፣ ዘሩን የሰጠችኝንም ሴት፣ ራሴንም ሰደብኩ።

አባቴን የያዛቸው ግን ሌላ ነገር ነው። እምቡጡ ጠርሙስ ውስጥ ይፈነዳል። ተኝተው ትናንት የተዘጋችውን ዛሬ ተከፍታ ያገኟታል። «ተቆርጣ የለም እንዴ?» ይሉኛል። «ሥር የላት፣ አፈር የላት። ማን ነው አብቢ ያላት? በግ ታርዶ ሣር ይግጣል እንዴ?» አላውቅም እላቸዋለሁ። አለማወቄ አስደሰታቸው መሰለኝ፣ በየጠዋቱ ይጠይቁኝ ጀመር። አንዷን እምቡጥ ምልክት አድርገው «ይቺ ነገ አታብብም፤ ተነገ ወዲያ ናት» ይላሉ፤ አንዳንዴ ይሳካላቸዋል፣ ብዙውን ጊዜ ይሳሳታሉ፣ ሲሳሳቱም ጥፋቱ የውሃው ነው። ጠርሙሱን ከጠረጴዛው አንስተው መስኮቱ ላይ አደረጉት፣ ከዚያ ወደ አልጋቸው አጠገብ አመጡት። የጽጌ ጾም ሲገባ ደግሞ «ለእመቤታችንም ቢሆን ወሩ የአበባ ነው» ብለው ነገሩን ከሃይማኖት ጋር አስታረቁት። እኔ ውስጥ ውስጡን ደስ እያለኝ ነበር። መስከረም ጠብቶ አልፏል፤ እሄዳለሁ የሚሉት ነገር አልተነሳም።

ተነሳ። አንድ ጠዋት ጓሮ ሆነው አበባ አበባውን እያገላበጡ ሲያዩ ጠሩኝ።

«ይኸውልሽ፣ ይቺ ዘሯ ሲደርስ ልወስዳት ነው። እናትሽ መቃብር ላይ እበትነዋለሁ። አምና ቄጠማ እንኳ የያዘላት የለም፤ አፈሩ ራቁቱን ነው። ዘሩን ይዤ እወጣለሁ፣ ከዚያ በቃኝ፣ ቤቴ እሆናለሁ።»

«እሺ» አልኩ። ምን እላለሁ? ያ ዘር በደረሰ ቀን አባቴ ይሄዳሉ፤ ነገሩ ይኸው ነው። እናቴ መቃብር ላይ አበባ ይበተን ሲባል ደግሞ የለም የሚል ልጅ አለ?

ከቤቴ አጠገብ ሱቅ ያላት ሙስሊም ጎረቤት አለችኝ። ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕ የምገዛው ከሷ ነው፤ የላስቲክ አበባም ትሸጣለች። በአበባዬ የምታሾፍብኝን ያህል ማንም አያሾፍብኝም። የአባቴን ሐሳብ እንዲያው ሳወራት፣ «ይሄ አበባ ዘር ለመያዝ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?» አልኳት።

«ከተውሽው ቶሎ ነው። እናቴ ጓሮ ነበር፤ ዘር ከያዘ ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ይደርቃል። ከቆረጥሽው ግን ሞኝ ነው፣ ዘር ሳልይዝ ቀረሁ ብሎ እንደገና ያብባል። በቆረጥሽው ቁጥር ያብባል።»

«እንዴት? በቆረጥኩት ቁጥር?»

«ወላሂ! ምነው ዓይንሽ ፈጠጠ?»

ቤቴ ገብቼ መቀሴን አነሳሁ። የጨርቁን መቀስ፣ ማንም እንዳይነካብኝ የምጣላበትን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው አባቴ ጸሎታቸውን ሳይጨርሱ ጓሮ እወጣለሁ። የፈካውን እቆርጣለሁ፣ ሊጠወልግ የጀመረውን እቆርጣለሁ፣ ቅጠሉ ረግፎ መሃሉ ጠቆር ያለውንማ ምህረት የለኝም። ጎረቤቴ እውነቷን ነው፤ በተቆረጠ ቁጥር ከጎኑ ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣል። እስከዚያ ድረስ አበባ የምቆርጠው ቤቴ እንዲያምር፣ ደግሞ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ነበር። አሁን አባቴን ለማስቀረት ሆነ።

ቤቱ አበባ ብቻ ሆነ። የማር ጠርሙስ፣ የዘይት ጀሪካን አንገቱን ቆርጬ፣ ጆግ፣ ብርጭቆ፣ ሁሉም ሞላ። ለደንበኛ ሰጠሁ። ቀሚስ ያሰፋ ሁሉ ከነአበባው ሄደ። ለጎረቤቴ ብወስድላት «ልትገድይኝ ነው እንዴ? የላስቲክ በምሸጥበት ሱቅ እውነተኛውን ታስቀምጭብኛለሽ?» ብላ ጮኸች፣ ከዚያም ባንኮኒው ላይ አደረገችው። ትንሽ ቆይታ ግን ትክ ብላ አየችኝ።

«ቆይ፣ ይሄ ሁሉ አበባ ለምንድነው የሚቆረጠው? አባትሽ ዘር እጠብቃለሁ ብለው የለም?»

ዚፕ ለመምረጥ ጎንበስ አልኩ።

«አንቺ ተንኮለኛ! አባትሽን በመቀስ ነው የያዝሻቸው!» ብላ ሳቀች፣ ሳቋ ቶሎ አለቀ። «በአፍሽ ብትነግሪያቸው ምን አለበት?»

«አልችልም።»

«አፍሽማ መቼ ያንሳል።»

ጥቅምት አለቀ፤ ኅዳር ገባ። ዝናቡ ስለቆመ ማታ ማታ ውሃ አጠጣለሁ። አባቴ ቀስ እያሉ ይዞራሉ፤ «ምን ዓይነት ሰነፍ ነገር ነው፣ ሁልጊዜ አበባ! እንዲህ ያለ እህል ቢኖር አገሩ በረሃብ ባለቀ ነበር» ይላሉ። የእግራቸው እብጠት ግን ሟሽሿል። ትንፋሻቸው ረዝሟል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆርጡ ይናገራሉ። ይህን ሳይ የማደርገው ነገር ልክ ነው እላለሁ። እናቴ ደግሞ በሐሳቤ ትመጣለች። መቃብሯ ራቁቱን ነው፤ ለሷ የታሰበውን እኔ በየማለዳው እየቆረጥኩ ለዚፕ ሻጭ እሰጣለሁ። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል፣ እጄ ግን አይመለስም። በሕይወት ያለውን ይዤ ልቅር፣ የሞተው አይከፋውም እያልኩ ራሴን አታልላለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ብርዱ ጠና። አንድ ማለዳ ከአጥሩ ሥር ሁለት ቀን ያመለጠችኝ አንዲት አየሁ። ቅጠሏ ሁሉ ረግፎ፣ አናቷ ላይ እንደ መርፌ የቀጠኑ ፍሬዎች መጥቆር ጀምረዋል። እንደ ሌባ ጎንበስ ብዬ መቀሴን ሰደድኩ።

«እሷንም?»

አባቴ ከኋላዬ ቆመዋል፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው። መቀሱ በእጄ፣ የተቆረጠችው በሌላው እጄ። ሰማይ ተደርምሶ ቢጫነኝ በወደድኩ።

አልተቆጡም። ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና ከደረታቸው ኪስ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡ። ቋጠሮውን ለመፍታት ብዙ ታገሉ። ሲፈቱት ጥቁር፣ ደረቅ፣ የደረሰ ዘር ነው፣ አንድ እፍኝ ሊሞላ ምንም ያልቀረው።

«ከጥቅምት ጀምሮ ይዤዋለሁ። ከአጥሩ ወዲያ፣ መቀስሽ በማይደርስበት ሁለቱን አሳድጌ ነበር።»

«ታዲያ... ለምን አልሄዱም?»

«ከልቡ ሂድም ቅርም የሚለኝ አጣሁ» አሉ። «መቀስሽ ብቻ ነው የሚናገር። በየጠዋቱ እሰማዋለሁ፤ ቅጭ፣ ቅጭ። ዛሬ ትናገራለች፣ ነገ ትናገራለች ብዬ ቁጭ አልኩ። ሳይደርቅ በእርጥቡ ሲባል አልሰማሽም? በአፍሽ በይው አንች ልጅ።»

ያ ሁሉ ለስድብ የሚፈጥን አፍ የት እንደገባ እንጃ። መቀሱን መሬት ላይ አስቀመጥኩና አጠገባቸው ተንበርክኬ «አይሂዱብኝ» አልኩ። «አባዬ፣ አይሂዱብኝ። ብቻዎን እዚያ... አይሂዱብኝ።» ከዚያ በኋላ ያልኩትን አላስታውስም፤ እንባዬ ነበር የሚናገረው።

እጃቸውን አናቴ ላይ ጫኑ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«እኔም ያልነገርኩሽ አለ» አሉ ቆይተው። «እዚህ መኖሩን አይደለም የምፈራው። መኖሩንማ ለምጄዋለሁ፣ ደስም ይለኛል። እዚህ መቀበሩን ነው። ማንም በማያውቀኝ አፈር፣ ከናትሽ ርቄ። ይህን ነው ስሸሽ የነበረ። ያ ቀን ሲመጣ ወደ ላይ ታወጭኛለሽ?»

«አወጣዎታለሁ።»

«መኪናው ከሚቆምበት ወዲያ ዳገት ነው።»

«በሸክምም ቢሆን፣ አባዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዘሩን ጨርቁ ላይ በጣታቸው ከፈሉት። አንዱን ክፋይ መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝና «ይህን ሰኔ ላይ እዚሁ ዝሪው፤ እኔም አላርመውም» አሉ። የቀረውን መልሰው ቋጠሩት፣ አጥብቀው ቋጠሩት፣ እሱንም ሰጡኝ።

«ይሄ የእናቴ አይደለም እንዴ?» አልኳቸው። «ለሷ በሰው እልከዋለሁ። ለፋሲካ የሚወጣ ሰው አይጠፋም።»

«ተይው፣ አስቀምጭው። እናትሽ ትጠብቃለች፤ እኔን መጠበቅ ልማዷ ነው። ስታወጭኝ አብረሽ ይዘሽው ትመጫለሽ» አሉ። «ለሁለታችንም ይበቃል።»

ተቀበልኳቸው።